ወረዳው ነው የሄደው

ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህች ክፍል ቆየሁ፤
ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ ስንቴ ሲነቀል አየሁ።

ስቀጠር፣ ደንሳ ገና ምክትል ወረዳ ነበር፣
ለምስለኔው በቅሎ ገብስ በደረሰኝ ሲሰፈር፤
ማኅተማችን አንበሳ፣ ጅራቱ የተሸረፈ፣
ስሙ ሁሉ በኮፒያ እርሳስ፣ በምራቅ የተጻፈ።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጧት ላንድሮቨር መጣ ከደሴ፤
«ምክትል የሚባል ቀርቷል» አሉን። ቀና አለች ራሴ።
ወረዳ ሆንን በአንድ ጀንበር፣ በአንድ ገጽ ደብዳቤ፤
ደመወዜ ግን ያው አርባ አምስት፣ ያው ሽሮ ቀለቤ።
አንበሳው ወርዶ ማረሻ ወጣ፣ በጥርሳም ክብ ተከበበ፤
ግብሩም መዋጮ ተባለ፤ ከዚያው ጎተራ ተሰበሰበ።

የደንሳ ወንዝ ብቻ ሰርኩላር አልደረሰው፤
ክረምት በመጣ ቁጥር ድንበሩን በገዛ እጁ አፈረሰው።

ሰባ ሰባት ላይ አንድ ፋይል አለ፣ ገመዱ ያልተፈታ፤
ስም፣ የአባት ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የአውቶቡስ ቁጥር በተርታ።
እሱን አልከፍተውም።
በዚያ ዓመት ወረዳው ባለበት ቆመ፤
ሰው ነው የተዛወረው።

ደሞ አስተዳደር አካባቢ መጣ፤ ደሞ ክልል ሦስት፣ ደሞ ዞን፤
አውራጃ የሚባል አባታችን ሞተ፣ ለቅሶ ሳንቀመጥ፣ ሳናዝን።
ከጎረቤት ወረዳ ጋር አጋቡን፣ ያለ ሽማግሌ፤
ጽሕፈት ቤቱ ወንዝ ተሻገረ፤ እኔም በአይሱዙ ከነፋይሌ።
ዐሥራ አንድ ዓመት በባዕድ ቤት፣ በምራት ወግ ኖርን፤
ፍቺው ጸድቆ ንብረት ስንካፈል ስለ ስቴፕለር ተከራከርን።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከገበያ መልስ፣ መጡ ከድጃ አበጋዝ፤
በሻሻቸው ጫፍ የቋጠሩት ወረቀት ይሸታል የኩራዝ ጋዝ።
የአባታቸው የግብር ደረሰኝ፣ የገበሬ ማኅበር ካርድ፣
የእርዳታ ስንዴ ራሽን፣ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር፤
«አራቱም የተለያየ ወረዳ ነው» ብሏቸዋል ችሎቱ፣ «በዚህ አይሰጥም ፍርድ።»

«አብሽሩ እማማ» አልኩ። «ግን ስንቴ ነው የተዛወሩት?»
ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ።
«እኔ? እኔማ ከቁልቋሌ ወዲያ አላደርኩም፤
ስድስት ወለድኩ፣ ሁለት ቀበርኩ፣ ምሰሶ እንኳ አልቀየርኩም።
ወረዳው ነው የሄደው፣ ሙሄ።
እሱን ጠይቀው፣ የት የት እንደከረመ፣
ማን ቤት እንዳደረ፣ ለምን እንዳልተሰናበተኝ።»

ምን ልመልስ? በኪሴ ያለው የጡረታ ቢሮ ደብዳቤ
ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ለሚስቴም አላነበብኩት፦
«የቀጠረዎት መሥሪያ ቤት በመዋቅር አልተገኘም።»
ምክትል ወረዳው ከሌለ የቀጠረኝ የለም፤
ያ ኮት ተበድሮ የመጣ ጎረምሳም አልመጣም፤
ለምስለኔው በቅሎም ገብስ የሰፈረ ሰው የለም፤
በቅሎዋ እስከ ዛሬ ጾሟን ናት ማለት ነው።

መሳቢያዬን ከፈትኩ።
አምስት ማኅተም፣ በካልሲ የተጠቀለለ፤
«ተሰብረው ይመለሱ» የሚል ትእዛዝ አብሮ ያለ።
ለምን እንዳልመለስኳቸው አትጠይቁኝ።
አንበሳው ደርቆ ነበር፤ እፍ አልኩበት፣
እንደ ሕፃን ዓይን።
ወረቀት ዘረጋሁና፣ «ከድጃ አበጋዝ ከቦታቸው አልተነቃነቁም» ብዬ ጻፍኩና
በዕድሜ ተራ አምስቱንም መታሁበት።
ሕገ ወጥ ነው። ዐውቃለሁ። ሁለት ወር ቀርቶኛል።

ወረቀቱን አገላበጡት፣ ፊደል አልቆጠሩም።
ወይን ጠጁን ክብ ሁሉ በጣታቸው እየዞሩ፣
«የእኔ ማሳ የትኛው ጋ ነው?» አሉ።
በማኅተሞቹ መሃል የተረፈውን
ነጩን ቦታ አሳየኋቸው።

አዩት። አጎንብሰው፣ ቀረብ አድርገው አዩት።
«ጠባብ ነው» አሉ።
«ግን ይታረሳል።»